ታሪኩ የዘለለው ምዕራፍ

በ1964 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአገሪቱን ትምህርት ከሥር እስከ ጫፍ የሚመረምር ሰፊ ጥናት አስጠና። ዛሬም ድረስ የሚታወሰው «ሴክተር ሪቪው» በሚለው ስሙ ነው። በዚያ ዘመን ከመቶ ኢትዮጵያውያን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ዐሥር እንኳ አይሞላም ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በብዛት ከተማ ከተማውን የያዙ ነበሩ፤ የሚያስተምሩትም ለቀጣዩ ክፍል ፈተና እንጂ ለኑሮ አልነበረም። በየደረጃው እየተንጠባጠበ የሚቀረውን ልጅ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ጥናቱ ይህን ሁሉ ነቀፈ። መሠረታዊ ትምህርት ባነሰ ወጪ ቶሎ ለሁሉም ሕፃናት እንዲዳረስ፣ ትምህርቱ ከገጠሩ ሕይወት ጋር እንዲጋባ፣ ዕድሉም በከተሜውና በገጠሬው መካከል እንዲመጣጠን መከረ። ሰነዱን ለብቻው አንሥቶ ላነበበው ሰው ለገበሬ ልጅ የቆመ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ግን መምህራን ሥራ አቁመው፣ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው፣ ወላጆችም አብረው አደባባይ የወጡት ይህ ሰነድ የድሃ ልጅ ጠላት ነው ብለው ነው።

እንዴት እዚያ ተደረሰ? ጥናቱ በነሐሴ 1964 ተጠናቋል፤ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ግን ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ በየካቲት 1966 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰነዱ በባለሥልጣናት መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ ስለ ሰነዱ የሚነገረው ወሬ ግን ከቤት ቤት፣ ከመምህራን ክፍል ወደ ጠላ ቤት ይዞር ነበር። ወሬው አጭር ነው፤ የድሃ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል፣ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት፣ በተለይም ዩኒቨርሲቲው፣ የባለጸጋና የሹም ልጅ ይሆናል። መምህሩም በበኩሉ ደመወዜ ሊቀነስ ነው የሚል ሥጋት አደረበት። መንግሥት በእጁ የወጪ ሠንጠረዥ፣ የባለሙያዎች ቡድን፣ የዓለም ባንክ ድጋፍ ነበረው። ወሬው ደግሞ አንድ ልጅ፣ አንድ በር፣ በሩን የሚዘጋ አንድ እጅ ነበረው። ያሸነፈው ወሬው ነው። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ፤ የትምህርቱ ቁጣ ግን ከታክሲ ነጂውና ከወታደሩ ብሶት ጋር ተገናኝቶ ዙፋኑን ከጣሉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

ይህን ነገር ሕዝቡ ባለማወቁ የተሳሳተበት አጋጣሚ አድርጎ የሚተርክ ሰው አይታጣም። እኔ ግን ወላጆቹ ትክክለኛ ጥያቄ እንደ ጠየቁ አምናለሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ሲጨርስ የት ይሄዳል? ሰነዱ የመለሰው ስለ ሥርዓቱ ነበር፤ ስንት ሕፃን እንደሚማር፣ ስንት ብር እንደሚወጣ ተናግሯል። የአንድን ልጅ ሕይወት ተከትሎ እስከ መጨረሻው አላወራም። ያንን ባዶ ምዕራፍ ሌሎች ሞሉት። ከዚህ ጽሑፍ የሚወጣው ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። ፖሊሲ፣ በተለይ የከፍተኛ ትምህርት ፖሊሲ፣ የሚጸድቀውም የሚገፋውም በሚሸከመው ታሪክ ነው፤ የሚወድቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያ ታሪክ በዘለለው ምዕራፍ ላይ ነው።

ታሪክ ስል ዜና መዋዕል ማለቴ አይደለም፤ ተረት ማለቴም አይደለም። በቅርብ ዓመታት «ትርክት» የሚለው ቃል ከፖለቲካ መድረክ ስለማይጠፋ፣ ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ቅስቀሳ ወይም ውሸት ይታየዋል። እዚህ የማወራው ከዚያ ስለሚቀል ነገር ነው፤ ማን ተጎዳ፣ በምን ምክንያት፣ ማን ምን ቢያደርግ ነገሩ ይቃናል የሚል፣ መነሻና መድረሻ ስላለው አነጋገር። አሜሪካዊቷ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ዲቦራ ስቶን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ አንድ ችግር ወደ መንግሥት ጠረጴዛ የሚደርሰው ስለ ከፋ ብቻ አይደለም፤ መንስኤው ከዕጣ ፈንታ ወጥቶ የሰው ሥራ ተደርጎ ሲነገር ነው። እኛም እናውቀዋለን። «ዕድሉ ነው» እስከተባለ ድረስ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ «የማን ጥፋት ነው?» በተባለ ማግስት ግን መልስ የሚሰጥ ሹም ይፈለጋል። ሌላው ተመራማሪ ኢመሪ ሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 አንድ እርምጃ አለፈ። ነገሩ ውስብስብና አጠራጣሪ በሆነበት ቦታ ውሳኔ ሰጪዎች ታሪክን የሚይዙት እንደ ምርኩዝ ነው፤ ስለዚህ ታሪኩ ስህተት እንዳለበት ማሳየት ብቻውን አያስጥላቸውም፣ ምርኩዙን የሚለቁት ሌላ ምርኩዝ ሲያገኙ ነው አለ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው ብሂላችን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ብርሌው ጠጁን ለዓይንም ለእጅም ያመቸዋል። ጠጁ በደንብ መጣሉ ወይም አለመጣሉ ግን የጋኑ ጉዳይ ነው፤ ብርሌውን እያዩ ጋኑን መርሳት ይቻላል።

ከመንግሥት ታሪኮች በፊት የቤተሰብ ታሪክ አለ። በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሎ ይታያል። ልጅየው ወይም ልጅቷ በጥቁር ጋዋን፣ እናት ወይም አባት ከጎን። አንዳንዴ ጋዋኑና ቆቡ የእናት ነው፤ ልጁ አውልቆ አልብሷት፣ ነጠላዋ ከጋዋኑ ሥር ብቅ ብሎ፣ አበባውን እሷ ይዛ። በፍሬሙ ጥግ የዘመድ ጉርድ ፎቶ ተሰክቷል። ይህ ፎቶ ሙሉ ታሪክ ነው። መነሻው ድህነት ነው፤ መሐሉ የእናት ላብ፣ የልጅ ትዕግሥት ነው፤ መድረሻው «ሰው መሆን» ነው። ልጄ ተምሮ ሰው ሆነልኝ የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም፤ ርስትና ጥሪት ለሌለው ቤተሰብ ትምህርት ርስት ሆኖ ቆይቷል። ዓለማየሁ እሸቴ «ተማር ልጄ» ብሎ የዘፈነው ዘፈን ትውልድ ተሻግሮ የሚሰማው ይህን የቤት ውስጥ ኪዳን በዜማ ስለያዘ ነው። ማንም መንግሥት ከዚህ ታሪክ ጋር ተጋጭቶ አይቆምም፤ የ1966ቱ መንግሥት አይቶታል። ከዚህ ታሪክ ጋር ተስማምቶ የሄደ መንግሥት ደግሞ ብዙ ነገር ሳይጠየቅ ያልፋል። ፎቶው የማያሳየው የምረቃው ማግስት ነውና፣ ሥራ ፍለጋው በፍሬሙ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ታሪክ ከውጭ የመጣ ነው፤ የመጣውም ቁጥር ለብሶ ነው። ከ1970ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት ጀምሮ የዓለም ባንክ ኢኮኖሚስቶች፣ በተለይም ጆርጅ ሳካሮፖሎስ፣ ትምህርት ለኅብረተሰቡ የሚመልሰውን ትርፍ በየደረጃው እያሰሉ አሳተሙ። ስሌቱ አንደኛ ደረጃ ላይ የሚወጣ ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሚወጣው ይልቅ ብዙ ይመልሳል የሚል ነበር። ባንኩ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ አፍሪካ ትምህርት ባወጣው ጥናትም የከፍተኛ ትምህርት ዕድገት እንዲገታ መከረ። ከስሌቱ ጀርባ የቆመው ታሪክ ቀላልና ልብ የሚነካ ነው፤ በአንድ በኩል ጥቂት ምሩቆች በሕዝብ ገንዘብ ይማራሉ፣ በሌላ በኩል ሚሊዮን ሕፃናት ፊደል ሳይቆጥሩ ያድጋሉ። ማን በዚህ ይከራከራል? በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን መዘዙ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ አዲስ መጽሐፍ አጣ፣ የመምህሩ ደመወዝ ሟሸሸ፣ የቻለ አገር ለቆ ወጣ። የተዘለለው ምዕራፍ የአንደኛ ደረጃውን ልጅ ማን ያስተምረዋል የሚለው ነበር። የልጁን መምህር የሚያሠለጥነው፣ መጽሐፉን የሚያዘጋጀው፣ ሲታመም የሚያክመው ሰው የሚወጣው ከዚያው ከተናቀው ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን በግልጽ ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ባንኩ ራሱ ከዩኔስኮ ጋር ያቋቋመው፣ ማምፌላ ራምፌሌና ሄንሪ ሮሶቭስኪ የመሩት ግብረ ኃይል ነው፤ የትርፍ ስሌቱ የዩኒቨርሲቲን ጥቅም አሳንሶ ያያል ሲል።

ልብ መባል ያለበት ግን የቀድሞው ታሪክ የወደቀው በእርምት ብቻ አለመሆኑ ነው። ሌላ ታሪክ ተተክቶለታል። የዓለም ባንክ የእ.ኤ.አ. 1998/99 የልማት ሪፖርት ጋናንና ደቡብ ኮሪያን ጎን ለጎን አቆመ። ሁለቱ አገሮች ከሪፖርቱ አርባ ዓመት በፊት የነፍስ ወከፍ ገቢያቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ኋላ ግን ኮሪያ ጥላ ሄደች፣ ከልዩነቱም ትልቁን ድርሻ የያዘው ዕውቀት ነው ተባለ። ከአንድ ቤት ወጥተው አንዱ ሠርቶ የከበረ፣ አንዱ የቀረ ሁለት ወንድማማች ዓይነት ታሪክ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህ ታሪክ ሲደርስ የራሱን ማረፊያ አገኘ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሄደው ለኮሪያ ተዋግተዋል፤ የሄዱት በጦርነት ወደ ፈረሰና ወደ ተራበ አገር ነው። «ያኔ ሄደን ያዳንናት ኮሪያ ዛሬ የት ደረሰች» የሚለው ቁጭት በአባቶች አንደበት፣ በሬዲዮ፣ በስብሰባ ሲነገር የኖረ ነው። ልማታዊ መንግሥት የሚለው አስተሳሰብ ከምሥራቅ እስያ ተቀድቶ የአገሪቱ መመሪያ በሆነበት በአቶ መለስ ዜናዊ ዘመን፣ ኮሪያን መምሰል ለካድሬውም ለአባወራውም እኩል የሚገባ ግብ ሆነ። የትኛውም ሠንጠረዥ ይህን ያህል ሰው አያሳምንም።

በ1983 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ናቸው፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ደብረ ብርሃን፣ አክሱም፣ ሚዛን፣ እያንዳንዱ ከተማ የመሠረት ድንጋይ የተጣለበትን ቀን ያስታውሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማቃለል ደግ አይደለም። ከዚህ ቀደም ወደ አዲስ አበባ መላክ የማትታሰብ ልጅ ከቤቷ በማይርቅ ከተማ ዲግሪ ይዛለች። በዚህ መስፋፋት ላይ በ2000 ዓ.ም. «ሰባ ሠላሳ» ተጨመረበት፤ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው መቶ ተማሪ 70ው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲማር፣ ከሰባው ውስጥም 40ው በምሕንድስናና በቴክኖሎጂ ዘርፍ እንዲሆን። ቁጥሩን ተመልከቱት። ለምን 63 አልሆነም፣ ለምን 75 አልሆነም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሰባ ሠላሳ ለአፍ ይቀናል፣ በስብሰባ ይነገራል፣ በባነር ይጻፋል፤ ቁጥር ይመስላል እንጂ በሁለት ቃል የተነገረ የኮሪያ ታሪክ ነው። ኢንጂነር ሲበዛ ፋብሪካ ይበዛል፣ ፋብሪካ ሲበዛ አገር ያድጋል።

ታሪኩ የዘለለው ብዙ ነው። ኮሪያ መጀመሪያ መሬት አከፋፍላለች፤ አንደኛ ደረጃን ለሁሉም አዳርሳ ከዚያ ሁለተኛ ደረጃን አስፍታ ነው የዩኒቨርሲቲዎቿ ቁጥር የተተኮሰው። አብዛኛው የኮሪያ ተማሪ የተማረው በግል ዩኒቨርሲቲ፣ ከፋዩም ቤተሰቡ ነው። ምሩቁ በብዛት ሲወጣ የሚቀበለው ፋብሪካ ቀድሞ እየተስፋፋ ነበር። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። የፋብሪካው ዘርፍ በአገሪቱ ኢኮኖሚ ውስጥ ያለው ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ሆኖ ሳለ የምሕንድስና ተማሪው ብዛት ብቻውን ወደ ፊት ሮጠ። ሕንፃው በቶሎ ይሠራል፤ መምህር ግን በኮንክሪት አይቆምም። ትናንት የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ልጅ ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ፊት ቆመ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲት ማሽን ተከብባ የፊተኞቹ ይነካሉ፣ የመሐለኞቹ ያያሉ፣ የኋለኞቹ አንገታቸውን አስግገው የጓደኛቸውን ማስታወሻ ይገለብጣሉ። እንዲህ ተምሮ የወጣ ልጅ ማሽኑን ያውቀዋል ማለት አይቻልም፤ ጥፋቱ ግን የልጁ አይደለም።

ሰባ ሠላሳን የተፈታተነው ታሪክ የመጣው ከመንገድ ላይ ነው። «ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን» የምትለዋ አነጋገር ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በየሰፈሩ ተሰማች። የሚገርመው መንግሥትም ያንኑ ልጅ በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ያሳየው ነበር። በመንግሥት አንደበት ሥራ ሳይንቅ ራሱን የለወጠ ጀግና ነው፤ በእናቱ አንደበት ዐሥራ አምስት ዓመት ተምሮ ድንጋይ የሚጠርብ ልጅ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መዶሻ፣ ሁለት ታሪክ። የመጀመሪያው ታሪክ ከሥራ ፈጠራ ፖሊሲ ጋር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ምን አስተማረው ወደሚል ጥያቄ ይወስዳል። በ2010 ዓ.ም. ማለቂያ የትምህርት ፍኖተ ካርታው ለውይይት ሲቀርብ ጥራት ዋና መነጋገሪያ የሆነው፣ ፍሬሽማን የሚባለው የመጀመሪያ ዓመት ተመልሶ የሦስት ዓመቱ ዲግሪ በ2012 ወደ አራት ዓመት ያደገው፣ የሰባ ሠላሳው ጥብቅነትም እየላላ የሄደው፣ ሁለተኛው ታሪክ አድማጭ ካገኘ በኋላ ነው። ጥራቱ እየወረደ ነው የሚሉ ጥናቶች ቀደም ብለው ተጽፈዋል። መደርደሪያ ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ታሪክ ታሪክ ትላለህ፣ የሚወስነው ግን ገንዘብና ሥልጣን ነው፤ ለጋሹ ሲፈልግ ዩኒቨርሲቲ ይዘጋል፣ ገዥው ፓርቲ ሲፈልግ ይከፈታል፤ ታሪኩ ኋላ የሚደረብ ካባ ነው የሚል። ከፊሉ እውነት ነው። ማን እንደሚናገርና ማይክራፎኑ በማን እጅ እንዳለ የሚወስነው ሥልጣን ነው። ግን ሥልጣንና ገንዘብ ብቻ የሚወስኑ ቢሆን ኖሮ ሴክተር ሪቪው ሥራ ላይ በዋለ ነበር፤ ሁለቱም ከጎኑ ነበሩና። ደግሞም ሥልጣን ያለው ሰው ራሱ ከታሪክ ውጭ አያስብም። ሚኒስትሩም በልጅነቱ «ተማር ልጄ» እየተባለ ያደገ ሰው ነው፤ የኮሪያው ቁጭት እሱም ደረት ውስጥ አለ። ታሪኩን ካባ ብቻ አድርገን ከቆጠርነው፣ የሚያምኑበትን ሰዎች ለምን እንደሚሳሳቱ ሳንረዳ እንቀራለን።

ስም ራሱ ታሪክ እንደሚሆን ለማየት «ወጪ መጋራት»ን መመልከት ይበቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሥራ ላይ የዋለው ሥርዓት ከአውስትራሊያ የተወሰደ ሐሳብ ነው፤ ተማሪው ሲገባ አይከፍልም፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይመልሳል። መጋራት በአማርኛ የጎረቤት ቃል ነው፤ እንጀራ ይጋራሉ፣ ሐዘን ይጋራሉ። ቃሉ ተቃውሞን አለዝቧል። ምሩቁ ግን ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊያወጣ መስኮት ላይ ቆሞ ሒሳቡ ሲነገረው «ተጋራሁ» አይልም፣ «ዕዳ አለብኝ» ነው የሚለው፤ ሥራ ካላገኘ ደግሞ ዕዳው ከሥራ ፍለጋው ጋር ተቆላልፎ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ የተነገረው ሥራ በያዘ ምሩቅ ነው። ሥራ ያልያዘው ምሩቅ በታሪኩ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ በዝቶ ሲመጣ ሥርዓቱም እንግዳ ሆነበት።

ሌላው ተቃውሞ ከተመራማሪዎች ወገን የሚመጣ ነው፤ ፖሊሲ በማስረጃ ላይ ብቻ ይቁም፣ ታሪክ ስሜት እያነሣሣ ዓይን ይሸፍናል ይላሉ። አሳባቸውን አከብራለሁ። ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን እንመልከት። ፈተናው በ2015 መባቻ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው የተፈተኑት ነው። በጥር ወር ውጤቱ ሲነገር ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። ከ1,100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ የበለጠ የጠራ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ምን እንደሚደረግ አልተናገረም። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ መሰረዙን ያስታወሰ ሰው፣ እስከ ዛሬ ስንኮርጅ ኖረን ዛሬ እውነቱ ወጣ አለ፤ ለዚህ ሰው መፍትሔው ፈተናውን ይበልጥ መጠበቅ ነው። መምህሩ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያልተሠራውን ቤት ጣሪያው ላይ አትመርምሩ አለ፤ መፍትሔው ከታች መገንባት፣ መምህሩንም መጦር ነው። ወላጅ ደግሞ መጽሐፍ ሳትሰጡት፣ መምህር ሳትመድቡለት ልጄን ለምን ትቀጡታላችሁ አለ፤ መፍትሔው ሌላ ዕድል ነው። አንድ ቁጥር፣ ሦስት ታሪክ፣ ሦስት ፖሊሲ። መንግሥት ከሦስቱም ቆንጠር አድርጎ ያዘ፤ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ቀጠለ፣ «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው የትምህርት ቤቶች ግንባታ ዘመቻ ታወጀ፣ ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎችም ሬሜዲያል ወደተባለው የማካካሻ ትምህርት ገቡ። ምን ያህሉ ትኩረት ለየትኛው ደረሰ ብሎ ለሚጠይቅ ግን በጊዜው ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የኩረጃው ታሪክ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሌባና ጠባቂ አለ፤ ያልተማረ መምህርና የፈረሰ ክፍል ግን ከዐሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ የሚጎተት፣ ባለ ብዙ ገጽ፣ ጀግና የሌለው ታሪክ ነው። የማለፊያው ምጣኔ በ2017 ዓ.ም. ፈተና 8.4 በመቶ ደርሷል። የተሻለ ነው፤ ከመቶ 91ዱ ግን አሁንም አላለፉም።

በሐምሌ 2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ላይ ሲሰጥ ያለፈው 40.65 በመቶ ነው። እዚህም «ዲግሪው ወረቀት ብቻ ሆነ» የሚለው የሕዝብ ታሪክ ፈተናውን ወለደው፤ ፈተናው ወረቀቱን አጠራ፤ ተማሪውን ያላስተማረው ክፍል ግን ያው ክፍል ነው። ስድስት ተማሪ ከዐሥር ሲወድቅ የሚወድቀው ተማሪው ብቻ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ታሪክ እስካሁን በቂ ተራኪ አላገኘም።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ግን የጀግናውን ታሪክ ነው። በባዶ እግሩ ሄዶ፣ በኩራዝ አጥንቶ፣ ሐኪም የሆነው የእረኛ ልጅ። ታሪኩ እውነት ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በየዘርፉ አሉ፣ ክብርም ይገባቸዋል። ፖሊሲ ሲሆን ግን ክፉ ነገር ያደርጋል። ኩራዙን ከጉድለት ወደ ጌጥ ይለውጠዋል፤ እሱ ከቻለ ሌላው ለምን አልቻለም ወደሚል ፍርድ ይመራል። አብረውት በዚያው ኩራዝ አጥንተው የቀሩት ሠላሳ ልጆች ማንም አይጠይቃቸውም። ስለዚህ ታሪክ ይቅር አልልም፤ አይቀርምም። ታሪክ ሲመጣልን ግን የምንጠይቀው ይኑረን። እንደዚህ ያለ ሰው ከመቶ ስንት ነው? ከምረቃው ፎቶ በኋላ ምን ሆነ? ተራኪው ማን ነው፣ የሚተረክለትስ? የኋለኛው ጥያቄ በእኛ አገር ከባድ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲ በሚነገሩት ትልልቅ ታሪኮች ውስጥ ተማሪው ሁልጊዜ አለ፤ ተናግሮ ግን አይታወቅም። ይመደባል፣ ይፈተናል፣ ይመረቃል፣ ግሡ ሁሉ በሌላ ሰው የሚደረግበት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቆቻቸው ከወጡ በኋላ የደረሱበትን የሚከታተል ጥናት በየጊዜው ቢያደርጉ፣ መጠይቁ ውስጥ «ሥራ ይዘሃል ወይ» ከሚለው ሣጥን በታች ምሩቁ በራሱ ቃል የሚጽፍበት ሁለት ገጽ ቢኖር፣ ቁጥሩና ታሪኩ አንድ ላይ ይመጡ ነበር። አንዱ የሌላውን ውሸት ይይዛል።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው፤ አዲስ ታሪክ በመነገር ላይ ነውና። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294 መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ፤ ሌሎችም በተራ ይጠበቃሉ። ራስ ገዝ ብርቱ ቃል ነው። ምሁር የፈለገውን የሚመራመርበት፣ ዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንቱንና ተማሪውን ራሱ የሚመርጥበት፣ ለዘመናት የተናፈቀ ነፃነት በቃሉ ውስጥ ይሰማል፤ እኔም ይህን ነፃነት ከሚሹት ነኝ። ራሱን የሚገዛ ግን ራሱን መቀለብም አለበት፤ ገንዘቡ ከምርምር፣ ከንብረት ኪራይ፣ ከከፋይ ተማሪ መምጣት ይኖርበታል። መክፈል የማይችለው ተማሪ በስኮላርሺፕ ይገባል ተብሏል። ስንቱ? በማን ምርጫ? ከወሎ ገጠር ወይም ከኦሞ ዳር የመጣች ልጅ የመግቢያ ፈተናውን አልፋ፣ ስኮላርሺፑን ባታገኝ፣ በየትኛው መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆማ ማንን ትጠይቃለች? ይህ ምዕራፍ በሚኒስቴሩ ሰነዶች ውስጥ አንዲት ልጅን ይዞ፣ ከመንደሯ ተነሥቶ እስከ ምረቃዋ ማግስት ድረስ ገና አልተጻፈም። ካልተጻፈ ደግሞ በ1966 እንደ ሆነው በየቤቱ ይጻፋል፤ የሚጽፉትም ሰነዱ በመሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ በር ላይ ቆመው የሚጠብቁት ወላጆች ናቸው።